ዋስትና የተፈቀደለት ሰው ለምን አይፈታም? ስለ ዳኛ ነጻነትና ስለ ጎራ ፖለቲካችን

ፍርድ ቤት አንድ ፖለቲከኛ ወይ ጋዜጠኛ በዋስ ይውጣ ብሎ ሲያዝ ዜናውን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "እና ተፈታ?" ብሎ ነው። ይሄ ጥያቄ ራሱ ብዙ ይናገራል። ቤተሰብ ብሩን ከዚህም ከዚያም አሟልቶ ያስይዛል፣ መፍቻ ያጽፋል፣ ጣቢያ በር ላይ ይቆማል፣ ከዛ "ከበላይ ትእዛዝ አልመጣልንም" ይባላል ወይ ደግሞ ሰውየው ከበሩ ሳይርቅ የሌላ ክልል ፖሊስ "በሌላ መዝገብ እንፈልገዋለን" ብሎ መኪና ውስጥ ያስገባዋል። ዳኛው ስራውን ሰርቷል፣ ማስረጃ አይቷል፣ ህግ ጠቅሷል፣ ፈርሟል። ግን የፈረመው ነገር ከችሎት በር አልወጣም። ስለ ዳኝነት ነጻነት ስናወራ ሁላችንም ስለ ዳኛው ጭንቅላት እናስባለን፣ ተፈራ ወይስ አልተፈራ፣ ተገዛ ወይስ አልተገዛ እንላለን፣ እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የምፈልገው ዳኛው ደፍሮ ከወሰነ በኋላ ስለሚሆነው ነው፣ ምክንያቱም ፖለቲካችን እንዲህ በጎራ ተከፋፍሎ ባለበት ሰአት ትልቁ ቀዳዳ ያለው እዛ ጋር ይመስለኛል፣ ያንን ቀዳዳ ደግሞ መንግስት ብቻውን አልከፈተውም፣ እኛም እየረዳነው ነው።

ወረቀት ላይ ያለውን በአጭሩ ልበል። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 79 ላይ በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤት ከማንኛውም የመንግስት አካል፣ ከማንኛውም ባለስልጣንም ሆነ ከሌላ ከማንም ተጽእኖ ነጻ ነው ይላል፣ ዳኛ ከህግ በቀር በሌላ አይመራም ይላል። ዳኛ ጡረታ ሳይደርስ ከስራው የሚነሳው በዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ የስራ ችሎታና ቅልጥፍና በማጣት ወይ በህመም ብቻ ነው፣ እሱም የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ወስኖ ምክር ቤት በድምጽ ብልጫ ሲያጸድቀው። አንቀጽ 78 ደግሞ ልዩ ወይም ጊዜያዊ ፍርድ ቤት ማቋቋም ይከለክላል። ጥሩ ነው፣ ማንም አገር ላይ ቢነበብ የማያሳፍር ነው።

ሹመቱ ላይ ስትመጣ ግን አንቀጽ 81ን ታገኛለህ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንትና ምክትሉ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ፣ ሌሎቹንም የፌደራል ዳኞች ጉባኤው ይመርጥና ለፓርላማ የሚያቀርባቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፓርላማው በአንድ ፓርቲ ሲሞላ ይሄ አሰራር ምን እንደሚመስል ላለፉት 30 ምናምን አመታት አይተነዋል። ህገ መንግስቱን በመጨረሻ የመተርጎም ስልጣንም ፍርድ ቤት ጋር የለም፣ ፌደሬሽን ምክር ቤት ጋር ነው ያለው፣ አባላቱ ፖለቲከኞች ናቸው። በ2012 ምርጫ ሲራዘም ያየነው እሱን ነው፣ የህገ መንግስት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ባለሙያ ጠርቶ በቴሌቪዥን አከራከረ (ያ ክርክር በራሱ ትልቅ ትምህርት ነበር፣ ሰው ከስራ መልስ ቁጭ ብሎ ነው ያዳመጠው)፣ መጨረሻ ላይ ግን ጉዳዩ ፌደሬሽን ምክር ቤት ሄዶ ሰኔ 3 በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምጸ ተአቅቦ ጸደቀ። እንዲህ ባለ ጉዳይ የተከፋው ወገን "በህግ ተሸነፍኩ" ብሎ ሊቀበል ቀርቶ "ተቃዋሚዎቼ በድምጽ በለጡኝ" ነው የሚለው፣ ያ ንትርክ በስንት ወር ውስጥ ምን ጋር እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን።

ወደ ዋስትናው ልመለስ። የዚህ ታሪክ መነሻ ለኔ 1993 ነው። ህወሀት ለሁለት ሲሰነጠቅ የተሸነፈው ክንፍ ውስጥ የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸውን ያየችው የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይውጡ ብላ ወሰነች። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤት ሲወጡ እዛው በር ላይ ተመልሰው ተያዙ። በዛው አመት ፓርላማው የጸረ ሙስና ስነስርአት ህጉን በአዋጅ 239/1993 አሻሽሎ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና አያገኝም አለ። አቶ ስዬ 6 አመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ።

በዛን ጊዜ ብዙ ሰው "ያሳደጉት ስርአት በላቸው፣ ምን ያገባናል" ብሏል። ስዬ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩ፣ ከገዢዎቹ አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው፣ ለሳቸው የሚያለቅስ ተቃዋሚ ብዙም አልነበረም። ግን አዋጁ የስዬን ስም አልጻፈም፣ "ማንኛውም ሰው" ነው ያለው። በ1997 የወጣው አዋጅ 434 ከ10 አመት በላይ በማያስቀጣ ክስ ዋስትናን መልሶ ፈቀደ፣ ከዛ በላይ ለሆነው ግን ክልከላው ቀረ፣ እና ከለውጡ በኋላ በ2011 የሜቴክ (የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን) ሀላፊዎችና ሌሎች የድሮ ባለስልጣናት በሙስና ተጠርጥረው እየተያዙ ሲመጡ ዋስትና መከልከል የተለመደ አሰራር ሆኖ ነው የጠበቃቸው። አንድ ሰው ለማሰር የታጠፈ ህግ ተመልሶ አይቃናም፣ ለሚቀጥለው ባለ ተራ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፣ የሚቀጥለው ባለ ተራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ህጉ ሲወጣ እጁን አውጥቶ ካጸደቀው ወይም ካጨበጨበው ሰው ሩቅ አይደለም።

ብርቱካን ራሷ የደረሰባት ይታወቃል። ዳኝነቱን ትታ ፖለቲካ ገባች፣ ከ1997 ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰረች። እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የ1999 ሀምሌ ነገር በደንብ ያልተወራለት ይመስለኛል። ፍርድ ቤቱ ወደ 2 አመት የሚጠጋ ጊዜ መዝገብ አገላብጦ፣ ምስክር ሰምቶ መሪዎቹን እድሜ ልክ ፈረደባቸው፣ ከዛ በቀናት ውስጥ በይቅርታ ተፈቱ። ይቅርታው ሲደራደርበት የነበረው ከችሎት ውጪ በሽማግሌዎች በኩል ነው። በመፈታታቸው ማንም አልተከፋም፣ እኔም አልከፋኝም። ግን አስቡት፣ ዳኞቹ እድሜ ልክ ብለው ሲያነቡ ያ ቃል ትርጉም ነበረው? ፍርዱ የድርድሩ አንድ ደረጃ ሆነ እንጂ የክሱ መልስ አልሆነም።

ይሄ ነገር በኢህአዴግ ጊዜ ቀረ እንዳይባል ደግሞ ታህሳስ 29 ቀን 2014፣ በገና እለት፣ እነ ጃዋር መሀመድ፣ እነ እስክንድር ነጋና እነ አቶ ስብሀት ነጋ ክሳቸው ተቋርጦ እንዲፈቱ ተወሰነ። ሶስቱም የተለያየ ጎራ ናቸው፣ ደጋፊዎቻቸው በፌስቡክ አንዱ የአንዱን መታሰር ሲደግፍ አንዱ የአንዱን መፈታት ሲቃወም ነው የከረሙት። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛም ነጻም አላላቸውም። መንግስት ከሰሰ፣ መንግስት አቋረጠ፣ በመሀል ዳኛው ቀጠሮ እየሰጠ ቆየ። ክስ ማቋረጥ በህግ ያለ ስልጣን ነው፣ ለሰላም ሲባል የሚጠቅምበት ጊዜም አለ፣ ነገር ግን ትልልቅ የፖለቲካ ክሶች በሙሉ በፖለቲካ ተጀምረው በፖለቲካ ካለቁ ሰው ስለ ፍርድ ቤት የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እዛ ያለው ዳኛ የመጨረሻውን ቃል እንደማይናገር። ይሄን ካመነ በኋላ ለዳኛው ነጻነት ለምን ይጨነቃል?

አሁን ደግሞ መፍቻ ተጽፎላቸው ያልተፈቱትን እንይ። በ2012 ክረምት የታሰሩት አቶ ልደቱ አያሌው ኦሮሚያ ውስጥ ያየው ፍርድ ቤት በ2013 መጀመሪያ በ100 ሺህ ብር ዋስ ይውጡ ሲል ፖሊስ አልለቅም አለ፣ ከወራት በኋላ ነው የወጡት። በዛው በ2012 የታሰሩ የኦነግ አመራሮች ደግሞ ፍርድ ቤት እንዲፈቱ አዞ ሳለ ቡራዩ ውስጥ ቆይተዋል፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ደጋግሞ ጮሆበታል፣ የተፈቱት በ2016 መጨረሻ ነው። 4 አመት! በ2014 ጥቅምት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜ ደግሞ ብዙ የትግራይ ተወላጆች ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ሳያዩ በየመጋዘኑና በየካምፑ ቆይተዋል፣ በ2015 ሀምሌ መጨረሻ ከታወጀው በኋላ ደግሞ ተራው የአማሮች ሆነ። አንዱን ስታነብ "አዎ የኛ" ካልክ፣ ሌላውን ስታነብ "እሱ ይገባው ነበር" ካልክ እዚህ ጋር ቆም በል። በአራቱም የተሰበረው አንድ ነገር ነው፣ የታሰረን ሰው ዳኛ ፊት የማቅረብና ዳኛ ሲፈታው የመልቀቅ ግዴታ።

ጎራ የሚያመጣው በሽታ ይሄ ነው። ዳኛ ሲወስን ውሳኔውን የሚያነብ ሰው የለም፣ ስሙን ነው የሚያነበው። የዳኛው ስም የየት ነው፣ አባቱ ማን ይባላል፣ ፎቶው የት አለ፣ ከዛ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ተከሳሹ "የኛ" ከሆነና ዋስትና ከተከለከለ ዳኛው ካድሬ ነው፣ ከተፈቀደለት "ፍትህ አሸነፈ" ነው። ተከሳሹ "የነሱ" ከሆነ ተቃራኒው። እንዲህ እያልን እያለ አንድ ወጣት ዳኛ፣ ኪራይ ቤት የሚኖር፣ በታክሲ የሚመላለስ፣ ጥበቃ የሌለው ሰው፣ ነገ ጠዋት ችሎት ላይ ተቀምጦ ህጉ የሚለውን ብቻ እንዲያይ እንጠብቃለን። ከላይ ስልክ ይደወልለታል፣ ከታች ደግሞ እኛ እንሰድበዋለን። ዳኛ በሰጠው ትእዛዝ የተነሳ ታሰረ የሚል ዜናም ከተለያዩ ክልሎች ሰምተናል፣ በፌደራል ደረጃ አዋጅ 1233/2013 ለዳኞች ያለመከሰስ ጥበቃ ከሰጠ በኋላ ማለት ነው። የታሰረው ዳኛ "የሌላው ጎራ" ክልል ዳኛ ሲሆን ግን ሼር የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው።

አባቶቻችን "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" ይሉ ነበር፣ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ሌባ "በህግ አምላክ!" ሲባል ይቆም ነበር ይባላል። እኔ ይሄን የማነሳው የድሮው ዘመን ፍትሀዊ ነበር ለማለት አይደለም፣ አልነበረምም፣ 1967 ህዳር ላይ ደርግ 60 ሰው ያለ ፍርድ የረሸነው እዚሁ አገር ነው። ግን ሰው ፍርድ ማለት ካሸነፈውም ከተሸነፈውም በላይ የሆነ ነገር መሆኑን ይገባው ነበር። አሁን በቅሎዋ ብትሄድብን ዳኛውን እንረግማለን፣ የሌላው ሰው ጭብጦ ያለ ፍርድ ሲነጠቅ ደግሞ እናጨበጭባለን።

ምንም ጥሩ ነገር የለም ማለት ግን ለሰሩት ሰዎች ግፍ ነው። ወይዘሮ መአዛ አሸናፊ በጥቅምት 2011 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆነው ሲሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ፣ እሳቸው በነበሩበት ጊዜ ሁለት ትልልቅ ህጎች ወጡ፣ ቅድም ያልኩት 1233 እና የፌደራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234። ጥር 2015 ላይ ከምክትላቸው ጋር ለቀቁ። በሳቸው ጊዜ ከሆነው ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማስታውሰው የባልደራስ ፓርቲን ጉዳይ ነው። በ2013 ምርጫ ዋዜማ የባልደራስ እጩዎች እነ እስክንድር እስር ቤት ስለነበሩ ምርጫ ቦርድ አልመዘግብም አለ። ፓርቲው ተከራከረ፣ እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ሄደ፣ ሰበር "ያልተፈረደበት ሰው መመረጥ ይችላል፣ ይመዝገቡ" አለ። ቦርዱ መጀመሪያ ጊዜው እንደማይበቃ ገልጾ ለመፈጸም እንደሚቸገር ተናገረ፣ በኋላ ግን ፈጸመ፣ መዘገባቸው። ያኔ የቦርዱ ሰብሳቢ ማን ነበረች? ብርቱካን ሚደቅሳ። በ1993 የሰጠችው ትእዛዝ በር ላይ ሲሰበር ያየች ሰው፣ ከ20 አመት በኋላ የራሷን መስሪያ ቤት የሚያስቸግር ትእዛዝ ደርሷት ተቀበለች። እጩዎቹ አላሸነፉም፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ለኔ ግን ከብዙ የፍትህ ማሻሻያ ስብሰባ ይልቅ ያቺ ምዝገባ ትበልጣለች፣ ምክንያቱም ትእዛዙ ከችሎት በር ወጥቶ ሄዶ ድምጽ መስጫ ወረቀቱ ላይ ደረሰ።

ጎረቤት ኬንያን ደግሞ ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፣ እነሱም በብሄር የተከፋፈለ ፖለቲካ ነው ያላቸው፣ በ2007ቱ ምርጫ ማግስት (እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚህ በኋላ ስለ ኬንያ የምለው በነሱ አቆጣጠር ነው) እርስ በርስ ተራርደዋል። ያኔ የተቃዋሚው እጩ ራይላ ኦዲንጋ ፍርድ ቤት አልሄድም ያለው ዳኞቹን ስላላመናቸው ነው። ከዛ በ2010 አዲስ ህገ መንግስት አወጡ፣ ዳኛ የሚመርጠው ፕሬዝዳንቱ መሆኑ ቀርቶ የዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽን ሆነ፣ እጩዎቹ በአደባባይ በቴሌቪዥን ይጠየቃሉ። መስከረም 1 ቀን 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ዴቪድ ማራጋ ሰብሳቢ ሆኖ፣ በስልጣን ላይ ያለው ኡሁሩ ኬንያታ ያሸነፈበትን ምርጫ ሰረዘው። አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ኡሁሩ ዳኞቹን "ዋኮራ" ብሎ ሰደባቸው፣ ወሮበሎች ማለት ነው፣ ፍርድ ቤቱ ላይ ተመልሰን እንመጣበታለን አለ። ድጋሚ ምርጫው ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው የምክትል ዋና ዳኛዋ የፊሎሜና ሙዊሉ ሹፌር በጥይት ተመታ፣ በማግስቱ ምርጫው ይራዘም የሚል አቤቱታ ሊሰማ ቀጠሮ ነበር፣ ችሎት የመጡት ዳኞች ሁለት ብቻ ናቸው፣ ምልአተ ጉባኤ ስላልሞላ ሳይሰማ ቀረ። ያን ቀን ማራጋ ሲያስረዳ ያየ ሰው ፍርሀት ምን እንደሚያደርግ ይገባዋል።

ግን ፍርድ ቤቱ አልሞተም። ኡሁሩና ራይላ ታርቀው ህገ መንግስቱን ሊያሻሽሉ ሲነሱ በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አይሆንም አለ፣ በ2022 መጋቢት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዋናው ነገር አጸናው። ኡሁሩ ኮሚሽኑ ከመረጣቸው ዳኞች 6ቱን አልሾምም ብሎ ከሄደ በኋላ ዊሊያም ሩቶ ስልጣን በያዘ ሰሞን ሾማቸው፣ ሁሉም አጨበጨበ። በ2024 መጀመሪያ ግን ፍርድ ቤቶች የሱን እቅዶች ሲያግዱበት ያው ሩቶ ራሱ ዳኞችን በሙስና እየወነጀለ ተነሳ። ራይላ ደግሞ በ2017 የፈረደለት ፍርድ ቤት በ2022 በሙሉ ድምጽ ፈረደበት፣ በውሳኔው በጣም እንደማይስማማ ተናገረ፣ ግን አከብራለሁ ብሎ ቤቱ ገባ፣ ያኔ መንገድ ላይ ደም አልፈሰሰም። ኬንያ ፖለቲከኞቿ ከኛዎቹ የተሻሉ ስለሆኑ አይደለም እዚህ የደረሰችው፣ ፖለቲከኛው ቢናደድም ዳኛውን ማንሳትም መሾምም በቀላሉ የማይችልበት አሰራር ስላለና የጠበቆች ማህበሩ፣ ሚዲያውና መንገድ ላይ ያለው ሰው ሲነካ ስለሚጮህ ነው።

ወደኛ ስመለስ ህገ መንግስት እስኪሻሻል መጠበቅ የማያስፈልጋቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው ጊዜ ቀጠሮ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ስነስርአት ህግ አንቀጽ 59 ፖሊስ ለምርመራ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጠውም ይላል፣ ስንት ጊዜ 14 ቀን እንደሚሰጠው ግን አይልም። ስለዚህ "ምስክር ይቀረኛል፣ ግብረ አበር አልያዝኩም" እየተባለ 14 በ14 እየተደረበ ሰው ክስ ሳይመሰረትበት ወራት ይቆያል። ይሄን በህግ ቁጥር መገደብ ይቻላል፣ ዳኞችም አሁን ባላቸው ስልጣን ሁለተኛውን ወይ ሶስተኛውን ጥያቄ "የመጀመሪያውን 14 ቀን ምን ሰራህበት?" ብለው መዝጋት ይችላሉ፣ የሚያደርጉትም አሉ፣ ምስጋና ይገባቸዋል።

ሁለተኛው መፍቻ አልቀበልም ያለው ሰው ጉዳይ ነው። እስካሁን "ፖሊስ አለቀቀም" ነው የምንለው፣ ፖሊስ ግን ህንጻ አይደለም፣ ስም ያለው ሀላፊ አለ፣ የዛን ቀን ተረኛ የነበረ መኮንን አለ። ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያልፈጸመን ሰው አስጠርቶ መቅጣት ይችላል፣ ህጉ አለ። ችግሩ የሚቀጣውን ሰው የሚያመጣለት ያው ራሱ ፖሊስ መሆኑ ነው። እዚህ ጋር የዳኛው ብቸኛ ጉልበት የሰው አይን ነው፣ ጉዳዩ በአደባባይ እንዲታይ ማድረግ። ስለዚህ የፌደራልም የክልልም ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች በየወሩ የተሰጡትን የመፍቻ ትእዛዞች፣ የተፈጸሙበትን ቀን፣ ያልተፈጸሙትን ደግሞ ከነጣቢያው ስምና ከነሀላፊው የስራ መደብ ለህዝብ ቢያወጡ እላለሁ። አዲስ አዋጅ አይጠይቅም፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ያለ መረጃ ነው። የታሳሪው ብሄርና ፓርቲ ዝርዝሩ ላይ አይጻፍ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ትእዛዙ የወጣበት ቀን፣ ጣቢያው፣ እና "ተፈጽሟል" ወይም "አልተፈጸመም" የሚል አንድ ቃል ይበቃል።